በልቅሶ ቤት ያመለጠኝ ምርቃት

የቡታጅራ መናኸሪያን ረዳቶች አይታችሁ ከሆነ የምለው ቶሎ ይገባችኋል። ሚኒባሱ ሞልቷል፣ ትርፍም ተጭኗል፣ በሩ አልዘጋ ብሎ በትከሻ እየተገፋ ነው፤ ረዳቱ ግን አሁንም «ወልቂጤ! ወልቂጤ!» ይላል። ማንን ነው የሚጠራው? ማንንም አይጠራም። የሚጣራው አፉ ነው፤ እሱ ራሱ ምሳውን እያሰበ ነው። ስንት ዘመን ስቄበታለሁ መሰላችሁ። አሁን ግን እንዲህ ያለ ረዳት ባየሁ ቁጥር አንገቴን ደፍቼ ነው የማልፈው።

እኔ ጠንቃቃ ሰው ነኝ፤ ባለቤቴ አስካለ ግን «ፈሪ» ነው የምትለኝ። በር ቆልፌ ከሄድኩ በኋላ ከመንገድ ተመልሼ ገፋ አድርጌ አየዋለሁ። ባጃጅ ውስጥ ሁለቱም እጆቼ ከብረቱ አይላቀቁም። ጸሎትም አስታጉዬ አላውቅም፤ ባስታጉል የሆነ ነገር ይመጣብኛል ብዬ እሰጋለሁ። ጠዋት ነጠላዬን አጣፍቼ ወደ ምሥራቅ ዞሬ ስቆም ያየ ሰው «የጸሎት ሰው» ይለኛል። እናንተ ግን ቤተኛ ናችሁና ልንገራችሁ፦ «ፈቃድህ በሰማይ እንደ ሆነች» ላይ ወጥቼ፣ ቡቴጋዙ መዘጋቱን አይቼ፣ የጓሮውን በር ነካክቼ፣ «ከክፉ ሁሉ አድነን እንጂ» ላይ እመለሳለሁ። አፌ መንገዱን ስለሚያውቀው አልጠብቀውም፤ እሱም አይጠብቀኝም።

በዚህ አፍ ላይ ነው እንግዲህ ምርቃት የተጨመረበት። በእኛ አገር ሽማግሌ ካልመረቀ ማዕድ አይነሣም፣ ሰውም አይበተንም። ሰርግ ቢሆን፣ ክርስትና ቢሆን፣ የመስቀል ክትፎ ቢሆን፣ ልቅሶም ቢሆን «ጋሽ ወልዴ ይመርቁ» ይባላል። ደግሞ አያልቅብኝም። ቃሉ እንደ ምንጭ ይወርዳል፣ ሰዉ «አሜን» ይላል፣ እኔም ነጠላዬን ሰብሰብ አድርጌ እቀመጣለሁ። ደስ ይለኛል፤ ለምን እዋሻለሁ?

ታዲያ ወዳጄ ገብሬ፣ ልብስ ሰፊው፣ ታሞ ብዙ ሳይቆይ ሞተ። ልጅ አልወለደም፤ ከሚስቱ ከዘነበች ጋር ሁለት ብቻ ሆነው ነው የኖሩት። ቤታቸው ግን ባዶ ሆኖ አያውቅም። የስፌት መኪናው ከበሩ አጠገብ ስለነበረ፣ የከተማው ወሬ ሁሉ መጥቶ የሚራገፈው እዚያ ነበር።

የሰልስቱ ዕለት ቄሱ ጸሎታቸውን አድርሰው ወደ ሌላ ቀብር ሄዱ። ንፍሮው ተበላ። በድንኳኑ ውስጥ ጅባ ምንጣፍ ላይ የተቀመጠው ሰው ለመሄድ መቁነጥነጥ ሲጀምር፣ እንደተለመደው «ጋሽ ወልዴ ይመርቁ» ተባለ። ተነሣሁ። ዓይኔ የድንኳኑን ገመድ ያይ ነበር፤ የላላ መሰለኝ፣ ሰው ላይ እንዳይወድቅ ሰጋሁ። አፌ ግን ሥራውን ቀጠለ።

«ያሰባሰበን አምላክ ይመስገን! እጃችሁ አይጠር፣ ቤታችሁ አይጉደል! የዛሬ ዓመት በዚሁ ቤት፣ ከዚህ በበለጠ ሰው፣ በሰላም በጤና ያገናኘን!»

«አሜን!» አለ ድንኳኑ በሙሉ።

ሰዉ ጫማውን መፈለግ ጀምሮ ነበር። አጠገቤ የተቀመጠው ሐጂ ነስሩ፣ ጨርቅ ነጋዴው ጎረቤታችን፣ ወደ ጆሮዬ ጠጋ አለ።

«ወልዴ፣ ከርሞ ደግሞ ማንን ልታስቀብረን ነው?»

«ምን አልኩ?»

«ወላሂ፣ እኔም አሚን ካልኩ በኋላ ነው የሰማሁህ።»

«አፍ ሲያመልጥ፣ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም» ይላሉ። የራሴን እንኳ በመስታወት ደርሼበታለሁ፤ የአፌን ግን ያወቅሁት ያን ዕለት ነው። ዘነበች በሴቶቹ በኩል ተቀምጣ ታየኝ ነበር። ቀና ብዬ ላያት አልደፈርኩም።

በማግስቱ ጠዋት ለጸሎት ቆምኩና፣ ለመጀመሪያ ጊዜ የራሴን አፍ አዳመጥኩት። እንደ ወፍጮ ቤት ይንጓጓል፤ እህል ግን የለበትም። ደነገጥኩ። ይህን ሁሉ ዘመን እግዜር ከእኔ ዘንድ ምን ሲሰማ ኖረ? ዝም አልኩ። በሌላውም ቀን ቆሜ ዝም አልኩ። መናገር ፈራሁ፣ አለመናገርም ፈራሁ።

«ምነው ድምፅህ ጠፋ፣ ጉንፋን ነው?» አለችኝ አስካለ።

«ዘነበችን ይቅርታ ሳልጠይቅ አፌን መክፈት አልቻልኩም።»

«ታዲያ እግዜርን ከምታስጠብቀው ሄደህ አትጠይቃትም?»

እሱም ቢሆን ሳምንታት ፈጀብኝ። በእኛ ደንብ ይቅርታ ጠያቂ ብቻውን አይሄድም፤ ሽማግሌ ይይዛል። ዕድሜዬን ሙሉ ሰው ሳስታርቅ የኖርኩት ሰውዬ ለራሴ ሽማግሌ ልፈልግ ወጣሁ። ያገኘሁት ሐጂን ነው። ስኳር ገዝቶ በብብቱ ያዘና፣ መንገድ ላይ «እኔ ነኝ የምናገረው» አለኝ፤ «አንተ ዛሬ አፍ የለህም።»

የዘነበች ደጃፍ ላይ አንድም ጫማ አልነበረም። የስፌት መኪናው ጨርቅ ለብሷል። እሷ ብቻዋን ተቀምጣ አገኘናት። በርጩማ አቀረበችልንና ሐጂ ጉሮሮውን ጠራረገ።

«እህቴ ዘነበች፣ ወልዴ ያኔ የተናገረው የገብሬን ሙት ዓመት አስቦ ነው። የዛሬ ዓመት ለመታሰቢያው ከዚህ በበለጠ እንሰብሰብ ማለቱ ነው። የተናገረው ልክ ነበር፤ ያበላሸነው የሰማነው እኛ ነን።»

እንዴት ያለ ጠበቃ ነው! እኔ እንዲህ ያለ መውጫ መኖሩንም አላሰብኩም ነበር። ልክ ነው ብዬ ራሴን ልነቀንቅ ስል ዘነበች ዞራ አየችኝ።

«እንደሱ አስበው ነው፣ ጋሽ ወልዴ?»

«አይ» አልኳት። «ምንም አላሰብኩም ነበር። የድንኳኑን ገመድ ነበር የማየው።»

ሐጂ በረጅሙ ተነፈሰ። ዘነበች ግን አልተቆጣችም።

«እኔ ሰምቻለሁ» አለች። «አሜንም ብያለሁ። ሁሉም ያጽናሽ ብሎኝ ሄደ። መጀመሪያ ሰሞን ብቅ ይሉ ነበር፤ አሁን በሬን የሚገፋው ነፋስ ነው። ቤትሽ ሰው አይጣ ያለኝ እርስዎ ብቻ ነዎት፤ ሳያስቡትም ቢሆን። እግዜርን ይህቺን ስማልኝ እያልኩ ነው የከረምኩት።» ነጠላዋን አስተካከለችና «አሁን ደግሞ አስበው ይበሉልኝ» አለች።

ተነሣሁ። ወትሮ ለምርቃት ስነሣ ቃሉ ከእኔ ቀድሞ ነበር የሚነሣው፤ አሁን ብቻዬን ቆምኩ። ሐጂ መዳፎቹን ዘርግቷል። ዘነበች አንገቷን ደፍታለች። በደጅ ባጃጅ አለፈ፣ ድምፁም ራቀ። ምንም የለኝም። ከዚያ ፈልጌ ያላመጣሁት ቃል መጣ።

«ጌታ ሆይ፣ ዘነበች ብቻዋን ናት።»

የሚቀጥል ነገር ፈለግሁ፤ አልነበረም።

እንዴት ብዬ ልንገራችሁ? ቤቱ ባዶ ነው ብሎ ለራሱ ሲለፈልፍ የቆየ ሰው፣ ዞር ሲል የቤቱ ባለቤት ተቀምጦ ሲያዳምጠው ቢያገኘው ምን ይሆናል? እንደዚያ ሆንኩ። ማንም አልገባም፤ እሱ ድሮም እዚያው ነበር። ስገባ ስወጣ የኖርኩት እኔ ነኝ። በሕይወቴ ብዙ ነገር ፈርቻለሁ፣ ፍርሃት ሁሉ ግን ሩጥ ሩጥ ነበር የሚለኝ። ይኼኛው እዚያው ቁም አለኝ። እንደ ቤተ ክርስቲያን ደጅ ጫማዬን ባወልቅ በወደድኩ።

ሐጂ ፊቱን በመዳፎቹ አብሶ «አሚን» አለ። ዘነበች በነጠላዋ ጫፍ ዓይኗን ጠረገችና «ስኳሩን ያምጡት፣ ሻይ ላፍላ» አለችው።

ሐጂ በማግስቱ የደህና ኮቱን ቁልፍ በጥርሱ በጥሶ «ትከይልኝ» ብሎ ሄደላት። የሱቁን ደንበኞችም «የገብሬ ስፌት መኪና አለች» እያለ ወደ እሷ ይልካቸዋል። ትናንት በደጇ ሳልፍ ሦስት ሴቶች አንድ ቀሚስ ላይ ሲከራከሩ ሰማሁ፤ የዘነበች ድምፅ ከሁሉም ይበልጥ ነበር።

የእኔ ጸሎት ግን ተጓቷል። ዛሬ ጠዋትም ቆሜ «አባታችን ሆይ» አልኩና፣ ማንን እንደጠራሁ ትዝ ሲለኝ እዚያው ቀረሁ። አስካለ ብቅ አለች።

«ገና አልጨረስክም?»

«ገና አልጀመርኩም።»

ቁርሱ ቀዘቀዘ፤ እሷም አጉረመረመች። ምን ይደረግ? የቤቱ ባለቤት እቤት መኖሩን ካወቁ ወዲያ፣ ሳያንኳኩ ዘው ማለት ነውር ነው።