ከበር ኋላ የቆሙ ዱላዎች

ሳይለምኑት ለሰው ሁሉ ዋስ የሚሆን ሽማግሌ የሌለበት ከተማ የለም። የቢቸናው ክቡር ጠቅላላ ዋስ ጡረታ የወጡት መምህር ወልደ ሰንበት ናቸው።

ድሮ ሰው የፈነከተ ብዙውን ጊዜ ቀጥታ ወህኒ ይወርድ ነበር። አሁን አሁን ዳኞች «ቅጣቱ በገደብ ይቆይ» ማለት አብዝተዋል፤ ጥፋተኛው ቤቱ ይገባል፣ ገደቡ ሳያልቅ ዳግመኛ ካጠፋ ግን ይታሰራል። የመልካም ጠባይ ዋስ ሲጠየቅ ታዲያ ከኋላ ወንበር ጉሮሮ ይጠረጋል።

«እኔ አለሁለት፣ ክብርት ዳኛ።»

ምንይሉ የተባለው ሰውም የተረፈው በዚህ ጉሮሮ ነው። ከሞጣ ገበያ ሲመለስ ጠላ ቤት ገብቶ በላቸው የሚባል ጎረቤቱን ክንዱን በዱላ ሰበረው። አንድ ዓመት ተፈረደበትና በሁለት ዓመት ገደብ ተለቀቀ። ከችሎት ሲወጡ መምህር እጃቸውን ዘረጉ።

«ዱላህን።»

«የኔታ፣ ጎጃሜ ያለ ዱላ እንዴት ገበያ ይወጣል?»

«እጁን እያወዛወዘ።»

ዱላዋን ወስደው ከበራቸው ኋላ ዋስ ከሆኑላቸው ከሌሎች ሰዎች ዱላዎች ጋር አቆሟት። መጀመሪያ ሦስት ነበሩ አሉ፤ አሁን አሥራ ዘጠኝ ደርሰዋል። ባለቤታቸው ወይዘሮ ሰብለ ወንጌል «በሩ እኮ አልከፈት አለ» እያሉ ያማርራሉ። መምህር ግን በየወሩ ሁሉንም ቅቤ ይቀቧቸዋል፤ «የሰው አደራ አይደርቅም» ባይ ናቸው።

ሁለቱ ዓመታት ለምንይሉ አልቀለሉትም። ሠርግ ቢሄድ መምህር አጠገቡ ናቸው፤ ለቅሶ ቢሄድ አጠገቡ ናቸው፤ ሦስተኛውን ጠላ ሲያነሣ «ይበቃሃል» ይሉታል። አንድ ቅዳሜ ከብት ተራ መሐል በላቸው «ዱላህን ሚስትህ ቀማችህ እንዴ?» አለው። የምንይሉ እጅ ወደ ትከሻው ሄዶ ዱላ ፈልጎ አጣ። ባዶ እጁን ወደ ቤቱ ተመለሰ። ዱላዋ ኖራ ቢሆን ያን ቀን ወህኒ ያድር እንደነበር ራሱ ያውቃል።

ገደቡ ያለቀ ዕለት ዱላውን ሊወስድ መምህር ቤት መጣ። ዱላዋ እሱ ዘንድ ሳለች እንዲህ አምራ አታውቅም። ከጥጉ አንዲት የጠቆረች አሮጌ ዱላ አየ።

«የዚችስ ባለቤት አልመጣም?»

«እኔ ነኝ» አሉ መምህር። «በጉልምስናዬ ሰው ፈንክቼ፣ አንድ ቄስ ዋስ ሆነው ከእስር አስቀሩኝ። ሠላሳ ዓመት አለፈው። እጄን ግን እስካሁን አላምነውም።»

ምንይሉ ዱላውን ይዞ እስከ ደጅ ወጣ። ከዚያ ተመለሰና ከአሮጌዋ አጠገብ አቆማት። እኚህን ነዝናዛ ሽማግሌ እንደ አባቱ እንደሚወዳቸው የገባው ያን ጊዜ ነው።

«ትንሽ ትቆይልኝ፣ የኔታ።»

«ትቆይ» አሉ መምህር አንዱን ዱላ ቅቤ እየቀቡ፣ ቀና ሳይሉ። «ቅቤውን ግን ከእንግዲህ አንተ ታመጣለህ።»