ሲቀጥን የሚበረታው መድኃኒት

አንባቢዬ፣ ለሰው በሽታ ሁሉ መድኃኒት የሚያውቅ፣ ራሱ ግን ከጉንፋን ድኖ የማያውቅ ጎረቤት አለዎት? እኔ እዚህ ካዛንቺስ አንድ አለኝ፤ አቶ ግዛው ይባላል። ጡረታ ከወጣ ወዲህ ሥራው እኛን ማዳን ነው።

ቆዳዬን ማሳከክ፣ አፌን ማቁሰል ከጀመረኝ ሦስት ዓመቴ ነው። የሆስፒታሉ ሐኪም «ይመላለስብዎታል፤ ቅባቱን እንዳይተዉ» አለኝ። ግዛው ግን «ተወው በቃ!» ብሎ ስታዲየም አካባቢ በጣም በተበረዘ መድኃኒት ወደሚያክም፣ ሆሚዮፓት ወደሚሉት ሰው ወሰደኝ። ሰውየው አፌን እንኳ ሳያይ ስለ ሕልሜና ስለ ንዴቴ ጠየቀኝ። ከዚያ እንደ ሰሊጥ የደቀቁ ጣፋጭ ክኒኖች ሰጠኝ።

«መድኃኒቱ በውሃ በቀጠነ ቁጥር ይበረታል። በርበሬ ግን እንዳይነኩ» አለኝ።

እኔ ፊደል ብዙ ባልቆጥርም ውሃ የበዛበት ነገር እንደሚሰንፍ አውቃለሁ። ቢሆንም ክኒኖቹን ዋጥኩ፤ እስከ ፋሲካ ድኜ ዶሮ ወጥ መብላት አምሮኛላ! በርበሬ ስተው አፌ ጋብ አለልኝ። ግዛውም «ክኒኗ አዳነችው!» እያለ ሰፈሩን ዞረ።

የፋሲካ ዕለት አንድ ጉርሻ ብውጥ አፌ ነደደ። እንግዳችን ግዛው ግን ደስ አለው።

«ይኼማ መሥራቱ ነው! ሳይብስ አይድንም።»

ባለቤቴ አስካለ ይህን ስትሰማ ጆግ ሙሉ ውሃ አመጣች። ከወጡ በማንኪያ ጫፍ ጠብ አደረገችበትና በጥብጣ ፊቱ አስቀመጠችለት።

«ይጠጡ አቶ ግዛው፤ ከዚህ የበረታ ዶሮ ወጥ አዲስ አበባ ውስጥ አያገኙም።»

ግዛው ጆጉን አየ፣ ድስቱን አየ።

«እኔ እንኳ ጤነኛ ነኝ፤ ከወፍራሙ ጨልፊልኝ» አላት።

እኔም ቅባቴን ፍለጋ ተነሣሁ።