የሻሽቱ የጾም ወተት

ትናንት ሌሊት ከተማችን ሸኖ ባሕር ገባላት። በሕልሜ ነው። ጥፋቱ የኔ አይደለም፤ ሁለት ነገር ሆዴ ውስጥ ይዤ ነው የተኛሁት። አንደኛው፣ ከሰዓት ሥልጠና ላይ የእንስሳት ባለሙያዋ «ባሕር ያላቸው አገሮች የባሕር ሣር ጨምቀው የተረፈውን አተላ ለወተት ላሞች ይቀልባሉ» ያለችን ነው። ሁለተኛው፣ ባለቤቴ ዘርፌ ማታ የቆረጠችው ነው፦ ሁዳዴ ገብቶ ወተት የሚገዛ ስለጠፋ፣ ላማችን ሻሽቱ ነገ ለነጋዴ ትሸጣለች። ሻሽቱን እወዳታለሁ። ከዘርፌ ጋር ስንጣላ ሄጄ የማኮርፈው እሷ ጋ ነው።

ባሕሩ መጣና በራችንን አንኳኩቶ «ቤቶች!» አለ። ዓሦች ጋቢ ለብሰው፣ የባሕር ሣር አተላ በባልዲ ተሸክመው ከኋላው ተሰልፈዋል። ሻሽቱ መደብ ላይ እግሯን አነባብራ ተቀምጣለች፤ እኔ በረት ውስጥ ታስሬያለሁ።

«ግቡ፣ ግቡ» አለቻቸው። «ጨው አልበዛበትም?»

«እኛም የምንኖረው እሱ ውስጥ ነው እሜቴ» አሉ ዓሦቹ።

ሻሽቱ በልታ በነጠላዋ አፏን ጠረገችና የነፍስ አባታችንን መምሬ ኃይለ ልዑልን አስጠራች። እሳቸውም አምባዛ ዓሣ ላይ ተቀምጠው እየጋለቡ መጡ። ወርደው እጅ ነሱ።

«ይፍቱኝ እሜቴ።»

«እግዜር ይፍታህ። ስማ፤ የበላሁት ከውኃ የወጣ ሣር ነው። ሥጋ የለው፣ ደም የለው። እንግዲህ ወተቴ የጾም ነው።»

«ዓሣውስ?» አሉ መምሬ ምራቃቸውን እየዋጡ።

«እሱን ከራሱ ጋር ተነጋገር» አለች። ዓሦቹ ባልዲያቸውን ጥለው ፈረጠጡ።

ከዚያ በኋላ ሸኖን የሚችላት ጠፋ። ወተቱ ራሱ በየሰው ደጅ ተሰልፎ «ኧረ ግዙኝ፣ የጾም ነኝ!» ይል ጀመር። አንዲት ፍየል የወተት መመርመሪያ ይዛ መጥታ ባሕሩን ለካችውና «እዚህ ውስጥ ወተት የቀላቀለ ሰው አለ!» ብላ አሸገችው። ባሕሩ በሩ ላይ የተለጠፈበትን ወረቀት እያየ አለቀሰ። ዘርፌ አንድ ጣሳ ወተት ጨልጣ እስክስታ ወረደች።

«ሻሽቱዬን ማን አባቱ ነው የሚሸጣት!» አለች።

ደስታ የማደርገውን አሳጣኝ። ሆ ልበል ብዬ አፌን ስከፍት የወጣው «እምቧ!» ነው። ደገምኩት። ጣመኝ። መምሬም፣ ባለሙያዋም፣ ሸኖም በሙሉ አብረውኝ «እምቧ!» አሉ።

ዘርፌ ትከሻዬን ነቅንቃ ቀሰቀሰችኝ። ነግቷል።

«ነጋዴው መጥቶ ነበር» አለች።

ዘልዬ ተነሳሁ። «ሻሽቱን ወሰዳት?»

«የምትታለብ ላም በሁዳዴ ምን ላደርጋት ነው ብሎ ዘወር ብሎም አላያት። ቤት ውስጥ የሚያጓራውን በሬ ግን ዋጋ ጠየቀኝ።»

«ባሌ ነው አላልሽውም?»

«ነግሬዋለሁ። ከሰዓት ይመለሳል።»