የወይዘሮ መህሪ ማሰሮ

እናንተዬ፣ የሰው ቤት ገብታችሁ ዕቃ አታድንቁ። ምግብ አድንቁ፣ ልጅ አድንቁ፣ መጋረጃም ግድ የለም። ዕቃ ግን ተዉት። የደረሰብኝን ስለማውቅ ነው።

የምንኖረው በሰው አገር፣ ቶርንክሊፍ ፓርክ የሚባል ሰፈር ነው፣ አሥራ አራተኛ ፎቅ ላይ። ከበራችን ፊት ለፊት ወይዘሮ መህሪ የሚባሉ የኢራን ሴት አሉ። ሰባን አልፈዋል፤ ብቻቸውን ነው የሚኖሩት። አንድ ቀን ኤሌቬተሩ ተበላሽቶ ሾፒንግ ያደረጉትን ተሸክሜ አወጣሁላቸው። ከዚያ ወዲህ እኔና ባለቤቴ ጥሩነሽ የቤታቸው ሰው ሆንን። የምናወራው በእንግሊዝኛ ነው። የእሳቸውም የእኔም እንግሊዝኛ አንካሳ ስለሆነ ተደጋግፈን እንሄዳለን።

አንድ ቅዳሜ ሻይ ጠሩን። መደርደሪያቸው ላይ አንድ ማሰሮ አየሁ። ሸክላ ነው፤ ግን የእኛ አገር ጥቁር ሸክላ እንዳይመስላችሁ። ከላይ እስከ ታች ሰማያዊ ቅብ ተቀብቶ፣ እሳት ገብቶ ወጥቶ፣ እንደ ብርጭቆ ያበራል። ሆዱ ላይ ጥቁር ዓሦች ተስለዋል። አንድ ጎኑ ላይ ቅቡ ሲወርድ ሲወርድ ጠብታ ሆኖ ረግቶ ቀርቷል። አፌ መቼ ያርፋል? እንዴት ያምራል አልኩ።

"ያንተ ነው፤ ውሰደው" አሉኝ።

እንግዲህ እኔ ባለጌ አይደለሁም። እናቴ ቀጥታ ነው ያሳደገችኝ። አይሆንም አልኩ። ግድ የለም ውሰደው አሉ። አሁንም እምቢ አልኩ። ለሦስተኛ ጊዜ እጃቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው ለመኑኝ። በእኛ ደንብ ሦስተኛው "በሞቴ" እንደማለት ነው። በሰው ሞት ይቀለዳል እንዴ? እግዜር ይስጥልኝ ብዬ አቅፌው ወጣሁ። ጥሩነሽ ጎኔን ቆንጥጣኝ ነበር። ቅናት መሰለኝ።

ከዚያ በኋላ ወይዘሮ መህሪ ተለወጡ። ኮሪደር ላይ ሰላም ይሉኛል፤ ዓይናቸው ግን በትከሻዬ አልፎ ወደ በራችን ይሄዳል። ሁለት ሳምንት ሙሉ ሻይ የለ፣ ጨዋታ የለ። ምን በደልኳቸው እያልኩ ምግብ አልበላ አለኝ።

ልጃቸው ሽሪን እዚሁ ነው ያደገችው። ኤሌቬተር ውስጥ አገኘችንና ሳትደብቅ ነገረችን። በእነሱ ደንብ እንግዳ ያደነቀውን ዕቃ "ያንተ ነው" ይሉታል። እንግዳውም መቶ ጊዜ ቢለመን አይወስድም። እስከዛሬ ወስዶ የሚያውቅ ሰው የለም። ማሰሮውን ወይዘሮ መህሪ የወረሱት ከእናታቸው ነው። ከአገራቸው ከኢስፋሃን ሲወጡ ሻንጣቸውን ትተው እሱን ጭናቸው ላይ ይዘው ነው የመጡት። አሁን በየጠዋቱ ባዶውን መደርደሪያ ይወለውላሉ አለችን።

መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። ኤሌቬተር ውስጥ ምን መሬት አለ?

ቤት ገብተን ተማከርን። ስጦታ መመለስ ስድብ ነው። ልጅዎ ነገረችን ብንል ደግሞ ልጅቷን ማሳጣት ነው። መላ ያመጣችው ጥሩነሽ ናት። የጎረቤት ዕቃ ባዶውን አይመለስም፤ ሞልተን ከወሰድነው የምናደርሰው ምግብ እንጂ ማሰሮ አይመስልም አለች። ዳቦ ቆሎ ጠብሳ ሞላችው። እኔ ልያዘው ብል፣ አንተ እስካሁን የያዝከው ይበቃሃል አለችኝ።

በሩን ከፈቱ። ማሰሮውን ሲያዩ እጃቸው ተዘረጋ፤ አፋቸው ግን የእናንተ ነው እኮ አለ። አይሆንም አልኩ። እባካችሁ አሉ። አይሆንም። ሦስተኛውን ሊሉ አፋቸውን ከፈቱ። አላሉትም። ማሰሮውን አቅፈው አለቀሱ። እኔም አለቀስኩ፤ ደስ ብሎኝ ነው፣ ምን ይደበቃል።

ሻይ ፈላ። ዳቦ ቆሎውን እየቆረጠሙ የሆዳቸውን አወጡ። መጀመሪያ በጣም ተናደውብኝ ነበር። በኋላ ግን ሲያስቡት፣ እዚህ አገር ስንት ዘመን ኖረው ሰው ሁሉ የሚናገሩትን ፈገግ ብሎ ያሳልፈዋል። ቃላቸውን አምኖ የተቀበለ እኔ የመጀመሪያው ነኝ። እንደ አንተ ያለ የዋህ አይቼ አላውቅም አሉኝ። ስድብ ይሁን ምርቃት እስካሁን አላጣራሁም። የእኛ ደንብስ እንዴት ነው ብለው ሲጠይቁኝ የሦስቱን ነገር አስረዳኋቸው። በጥሞና ሰሙኝ።

ባለፈው እሑድ እኛ ቤት መጡ። ወደ ኋላ ስትገፋ እግር የምታነሳ ወንበር አለችኝ፤ ከሥራ ስመለስ ወገቤን የማሳርፈው እሷ ላይ ነው። ተቀመጡባት፣ ገፋ አደረጓትና እንዴት ትመቻለች አሉ። ይውሰዷት አልኩ። አይሆንም አሉ። ግድ የለም አልኩ። አይሆንም አሉ። እዚያ ላይ ማቆም ነበረብኝ፤ አስተዳደጌ አንቆ ያዘኝ። በሞቴ አልኩ።

"እሺ" አሉ።

አሁን ወንበሬ እሳቸው ሳሎን ነው ያለችው። ከሥራ ስመለስ ቀጥታ እዚያ ገብቼ እዘረጋባታለሁ። ሻይ ይመጣል፣ ጥሩነሽም ትከተለኛለች፣ ሽሪንም ካለች ትቀላቀለናለች። የሰጠ ይጎድልበታል ያለው ማነው? እኔ አንድ ወንበር ሰጥቼ ሙሉ ሳሎን አገኘሁ፤ ያውም ኪራዩን እሳቸው የሚከፍሉት።