ያልተነካው ካርድ

(እሑድ ከሰዓት በኋላ፣ በፈረንጆቹ 2014። ከፓይን ሌክ ወደ ስኔልቪል በሚወስደው መንገድ ላይ ያለ ጋዝ ስቴሽን፣ ማለትም ነዳጅ ማደያ። ዳኛቸውና ቶሎሳ ዳውንታውን አንድ ፓርኪንግ ውስጥ አብረው ይሠራሉ። ዛሬ ግን ቶሎሳ ሽማግሌ ነው፤ ከሌሎች ሁለት ሰዎች ጋር ሆኖ ራኬብን ለዳኛቸው ሊለምን ከአባቷ ከጋሽ ካሳሁን ቤት ይገባል። ዳኛቸው አድርሶት መኪና ውስጥ ሊጠብቅ ነበር፤ መኪናው ጋዝ ጨርሶ ፓምፕ ሥር ቆሟል። በኪሱ የነበረውን ገንዘብ አዲሱ ሱፍ በልቶታል። የቀረው በዱቤ የሚከፈልበት አንድ ክሬዲት ካርድ ነው።)

ቶሎሳ፦ ስዋይፕ አድርገውና እንሂድ፤ ሰዎቹ በር ላይ እየጠበቁን ነው።

ዳኛቸው፦ ለአሥር ዶላር ጋዝ? ይህን ካርድ?

ቶሎሳ፦ እሺ፣ የሃያ ቅዳ።

ዳኛቸው፦ ቶሌ፣ አልገባህም። ይህ ካርድ አሥራ አምስት ሺህ ዶላር ሊሚት አለው። ሁለት ዓመት ሙሉ አንድ ሳንቲም አልነካሁትም። ሽማግሌ በሚገባልኝ ቀን ላጉድለው?

ቶሎሳ፦ ቆይ፣ አሥራ አምስት ሺህ ዶላር አለህ?

ዳኛቸው፦ የለኝም።

ቶሎሳ፦ አለብህ?

ዳኛቸው፦ የለብኝም።

ቶሎሳ፦ የለህም፣ የለብህም። ታዲያ ምኑ ነው የሚጎድለው?

ዳኛቸው፦ ባንኩ ያመነኝ ልክ ነዋ። መዝኖ፣ አጣርቶ፣ «ዳኛቸው ማለት ይህን ያህል ነው» ያለው።

ቶሎሳ፦ እኔ እንኳ ስለ ጋሽ ካሳሁን አንድ ነገር ልነግርህ...

ዳኛቸው፦ እሱን ተወውና ያስጠናሁህን በልልኝ እስቲ።

ቶሎሳ፦ (ጉሮሮውን ጠርጎ፣ እንደ ሽማግሌ ቆሞ) «ልጃችን ዳኛቸው፣ ከፈለገ አሥራ አምስት ሺህ ዶላር ዕዳ ውስጥ መግባት የሚችል ሰው ነው።»

ዳኛቸው፦ ኧረ እንደሱ አይባልም። «ባንክ አሥራ አምስት ሺህ የሚያምነው» ነው የሚባለው።

ቶሎሳ፦ «ባንኩ ያምነዋል፤ እሱ ግን ለሃያ ዶላር ጋዝ ራሱን አያምንም» ልበል?

ዳኛቸው፦ አንተ ትቀልዳለህ። እኔ ጠዋት ጠዋት ከካርዱ ጀርባ ባለው ቁጥር እደውላለሁ። ማሽን ናት፣ ድምፅዋ የሴት ነው። «አሥራ አምስት ሺህ ዶላር አለዎት፤ ደንበኛችን ስለሆኑ እናመሰግናለን» ትለኛለች። ፓርኪንጉ ውስጥ ያ ባለመኪና ቁልፌን ጣልክ ብሎ ሰው ፊት የሰደበኝ ቀን፣ ሽንት ቤት ገብቼ ደወልኩላት። እሷ ስትነግረኝ ነው ቀና ያልኩት።

(ቶሎሳ ያን ቀን ያስታውሰዋል። ዳኛቸው ፊቱን ታጥቦ ሲወጣ ሙቀቱ ነው ብሎ ነበር። አሁን አንጀቱን በላው። ያም ሆኖ ጋዙ አልተቀዳም።)

ቶሎሳ፦ ዛሬስ ደወልክላት?

ዳኛቸው፦ ሸሚዝ ስተኩስ ረሳኋት።

ቶሎሳ፦ በል እሺ። ጋሽ ካሳሁን እኮ አርብ ዕለት...

ዳኛቸው፦ ስለሳቸው አታስብ፤ ቁጥሩን ሲሰሙ ሮጠው በር ይከፍቱልሃል። ይልቅ ከዳሽቦርዱ ኪስ ሶፍት አውጣልኝ፣ ጫማዬ አቧራ ነካው።

(ቶሎሳ ኪሱን ሲከፍተው ከሶፍቱ ጋር ሦስት ያልተከፈቱ ፖስታዎች ወደቁ።)

ቶሎሳ፦ እነዚህ ከባንኩ ናቸው። ለምን አልከፈትካቸውም?

ዳኛቸው፦ ሊሚት ጨምረውልኝ ይሆናል ብዬ ለሠርጌ ቀን አቆየኋቸው።

ቶሎሳ፦ (አንዱን ቀዶ፣ በጣቱ እየተከተለ) «ውድ ደንበኛችን፣ ካርድዎን ሃያ አራት ወር ሙሉ ስላልተጠቀሙበት... ከወሩ አንድ ቀን ጀምሮ ዘግተነዋል።» ዛሬ ቀኑ ስንት ነው?

ዳኛቸው፦ አንድ።

(ዳኛቸው ለአሥር ዶላር የሳሳለትን ካርድ ፓምፑ ላይ ሦስት ጊዜ ሳበው። ፓምፑ ሦስቱንም ጊዜ ገንዘብ ተቀባዩ ጋ ግባ አለው። ተመልሶ መኪናው ላይ ተደገፈ፤ ስለ ሱፉ መጨማደድም ረሳ።)

ዳኛቸው፦ በቃ፣ ሰዎቹን በትናቸው። ምን ብላችሁ ትለምናላችሁ? እኔ እኮ ሌላ የሚነገርልኝ የለኝም።

ቶሎሳ፦ (የራሱን ካርድ ፓምፑ ውስጥ እየከተተ) ባለቤቴ ሆስፒታል የተኛች ጊዜ ሦስት ሳምንት ሙሉ የኔን ሺፍት ማን ሸፈነ?

ዳኛቸው፦ እሱማ... እኔ ነኝ።

ቶሎሳ፦ እሱን ነው የምንናገረው። ሊሚቱንማ አርብ ዕለት ለጋሽ ካሳሁን ነግሬያቸዋለሁ።

ዳኛቸው፦ እ? ምን አሉ?

ቶሎሳ፦ «እኔ የመጀመሪያ ቤቴን በካርድ ዕዳ ያጣሁ ሰው ነኝ። አሥራ አምስት ሺህ የተከፈተለት ሰው አንድ ቀን ይገባበታል። ካርዱን ካላዘጋ ልጄን አልሰጥም» አሉ። ልነግርህ አፌን በከፈትኩ ቁጥር አንተ ታቋርጠኛለህ። (ስልኩን አውጥቶ) ሄሎ፣ ጋሽ ካሳሁን? ቶሎሳ ነኝ። ካርዱ ተዘግቷል... ዛሬ... አዎ፣ ደብዳቤው በእጄ ነው... እሺ፣ መጣን። (ስልኩን ዘግቶ) ደስ ብሏቸዋል። ደብዳቤውን ይዛችሁ ኑ፣ ለእናቷም ላሳያት ብለዋል።

(ዳኛቸው ይሳቅ ይልቀስ አላወቀም። ጋዙ ሞላ።)

ዳኛቸው፦ ለመሆኑ ያንተ ሊሚት ስንት ነው?

ቶሎሳ፦ እኔ ምን አውቄ። ፎርሙን ያስሞላኸኝ አንተ፣ ባንኩም ያው ያንተው ባንክ። ሰኞ ጋዝ እቀዳለሁ፣ አርብ እከፍላለሁ።

(ዳኛቸው አላስችል ብሎት የቶሎሳን ካርድ ተቀብሎ ከጀርባው ባለው ቁጥር ደወለ። ማሽኗ የጠየቀችውን የምስጢር ቁጥር ቶሎሳ ነገረው። ዳኛቸው ስልኩን ጆሮው ላይ ለጥፎ እስከ መጨረሻው አዳመጠ።)

ዳኛቸው፦ ያችው ናት።

ቶሎሳ፦ ማን?

ዳኛቸው፦ ሴትየዋ። ልክ እንደኔው አድርጋ አመሰገነችህ። ሃያ ሁለት ሺህ አለች።

ቶሎሳ፦ (ካርዱን ቀምቶ ካልሲው ውስጥ እየደበቀ) በናትህ ለጋሽ ካሳሁን እንዳትነግራቸው፤ ሽማግሌነቱን ይከለክሉኛል።