አተሞችን ሰርግ የጠራሁ ጊዜ

ሰው ማስቀመጥ ቀላል ሥራ የሚመስላችሁ ካላችሁ፣ እስኪ ዲላ ላይ ሰርግ ደግሱና እዩት። ወጥ ቢያርር ይረሳል፤ ሁለት የተኳረፉ ሴቶችን ጎን ለጎን ያስቀመጠ ግን ዕድሜ ልኩን ይወሳበታል። በሰፈራችን ድንኳን በተተከለ ቁጥር ሴቶቹን የማስቀምጠው እኔ ነኝ። ትምህርቴ መሠረተ ትምህርት ላይ ቢቀርም፣ ማን ከማን እንደሚገጥም ለማወቅ ዲግሪ አይጠየቅም።

ታዲያ የልጄ ልጅ ብርቄ ኬሚስትሪ ወደቀችና ድጋሚ ልትፈተን ሆነ። ይህንንም ከወደቀች ጓደኞቿ ሲያልፉ እሷ ክፍል ልትደግም ነው። ያን ፔሪዮዲክ ሠንጠረዥ የሚሉትን ግድግዳ ላይ ለጥፋ ታለቅሳለች።

«እማማ፣ ይሄ ሁሉ እንዴት ጭንቅላቴ ይግባ?»

«ንፍጥሽን ጥረጊና አስረጂኝ። ማን ነው እንዲህ የደረደራቸው?»

አስረዳችኝ። አተም መሃሉ ላይ ኒውክለስ አለው፣ ዙሪያውን ኤሌክትሮን፤ ጠባዩ የሚታወቀው ዳር ባሉት ኤሌክትሮኖች ነው፤ ከላይ ወደ ታች በአንድ ዓምድ የተሰለፉት ጠባያቸው ይመሳሰላል። ሳቄን ለቀቅኩት። እናንተዬ፣ ይሄ እኮ የኔ ድንኳን ነው!

ወዲያው ሰፈሩን አስገባንበት። ሶዲየም ዳር ያለችውን አንዷን ኤሌክትሮኑን ለማን ልስጥ እያለ የሚዞር ነው አለችኝ፤ ሳትለምኗት ነጠላዋን አውልቃ የምትሰጠውን አስካለን ሶዲየም አልናት። ክሎሪን ደግሞ አንድ የጎደለው፤ ሁልጊዜ «አንድ ነገር ጎድሎኝ» እያለች በር የምታንኳኳው ዘይቱና ሆነች። ሁለቱን ጎን ለጎን ብናስቀምጣቸው ጨው ወጣቸው። ኒዮን ሁሉ የሞላለት ነው፣ ከማንም አይገጥም፤ ከይርጋጨፌ በመኪና መጥታ፣ ማንንም ሳታጫውት በልታ የምትሄደውን የቡና ነጋዴ ሚስት ዳር ላይ ለብቻዋ ጎለትናት። ብርቄ እንባዋ ሳይደርቅ በሳቅ ትንፈራፈር ጀመር።

«እኔስ?» አልኩ። ወርቅ ትለኛለች ብዬ አንገቴን ቀና አድርጌ።

«አንቺማ ቦታ ይዤልሻለሁ» አለችና አፏን በነጠላዬ ሸፈነች። ብለምናት፣ ብቆነጥጣት አልነገረችኝም።

ውጤት የወጣ ዕለት እየጮኸች ገባች። «እማማ፣ አለፍኩ! ከሁሉ በላይ የሌላውን ኤሌክትሮን የሚነጥቅ የቱ ነው የሚል መጣ። አንቺን አሰብኩና ፍሎሪን አልኩ!»

«እኔ ማንን ነጠቅኩ?»

«ድንኳን ውስጥ ጭልፋ ከሰው እጅ የምትነጥቂው አንቺ አይደለሽ?»

እንዲህ ያለ ስድብ! ልመልስላት አፌን ስከፍት ጎረቤቶች እልል እያሉ ገቡ፤ አንዷ ቆጮ ይዛ መጥታ ኖሮ ለሁሉም ልታዳርስ መቁረስ ጀመረች። ቆጮ ደግሞ እንደዚያ አይቆረስም።

ቢላዋውን ከእጇ መነጨቅኩት።