ያለ አንቱታ የተከራከሩኝ ሰው

ደራሲ ምስጋና አይጠላም። እጠላለሁ የሚል ካጋጠማችሁ ገና አልተመሰገነም ማለት ነው። ችግሩ፣ ነጌሌን በመሰለ ከተማ ሰው ሁሉ ስለሚተዋወቅ ማንም ማንንም አይነቅፍም። እኔ የአማርኛ መምህር ነኝ፤ የመጀመሪያ መጽሐፌ ሲወጣ ባልደረቦቼ «እጅህ ይባረክ» ብለው አለፉ፣ የቤተ ክርስቲያናችን ሽማግሌም ጸለዩልኝ። እናንተስ ብትሆኑ ምን ትሉኝ ነበር? ነገ ልጃችሁን የማስተምረው እኔ ነኝ።

አንድ ወዳጄ «የቴሌግራም የንባብ ቡድን ውስጥ ግባ፤ ለደራሲ ይጠቅማል» ሲለኝ ገባሁ። እውነቱን ልናገር፣ የገባሁት ለመማር ሳይሆን መጽሐፌን ለማስተዋወቅ ነበር። ስለ ድርቅ የጻፍኩትን አዲስ ታሪክ ለጠፍኩ። በሊበን ገጠር የመጨረሻ ላሟ የሞተችባት ሴት ደረቷን እየደቃች ስትጮኽ የሚያሳይ ነው። ጭብጨባው ዘነበ። ስድስት ገጽ በግማሽ ደቂቃ አንብቦ የሚያጨበጭብ ሕዝብ ያለው እዚያ ብቻ ነው። ከመሃል «አንባቢ ከሞያሌ» የሚል ስም ያለው ሰው እንዲህ ሲል ጻፈ፦

«በድርቅ ማንም አይጮኽም። ጉልበቱ ከየት ይመጣል? ዝም ብላ ቁጭ ነው የምትለው።»

ደሜ ፈላ። «አንተ ደግሞ ስንት መጽሐፍ ጽፈሃል?» አልኩት።

«አንድም። ላም ግን ሞታብኛለች።»

ሦስት ቀን አኮረፍኩ። በአራተኛው ሴትዮዋን ዝም አሰኝቼ ቁጭ አደረግኳት፤ ታሪኩ ያኔ ነፍስ ዘራ። ከዚያ በኋላ ለሁለት ዓመት ልብ ወለዴን ምዕራፍ በምዕራፍ ለእሱ ስልክ ኖርኩ። «አንተ ግትር!» እለዋለሁ። «አንተ ደግሞ ቃል አትቆጥብም» ይለኛል። ወዳጅ የሚያስለቅስህን፣ ጠላት የሚያስቅህን ይነግርሃል ይባል የለ? የሚያስለቅሰኝን ሰው ኪሴ ውስጥ ይዤ እዞር ነበር።

ታዲያ አሥራ ሁለተኛውን ምዕራፍ ልኬ መልስ ጠፋ። አንድ ሳምንት፣ ሁለት ሳምንት። መጀመሪያ ኔትወርክ ነው አልኩ። ቀጥሎ ንቆኝ ነው አልኩና «ከሰለቸህ ንገረኝና ልረፈው» ብዬ ጻፍኩ። በዕድሜዬ ከዚህ የከፋ ዓረፍተ ነገር አልጻፍኩም። በማግስቱ መልስ መጣ።

«ራሔል እባላለሁ። ልጇ ነኝ። እማዬ ባለፈው እሑድ ዐርፋለች።»

እማዬ!

በአይሱዙ ተሳፍሬ፣ አቧራ ለብሼ ሞያሌ ደረስኩ። ራሔል ድንኳኑ በር ላይ ተቀበለችኝ። እናቷ ወይዘሮ ሎኮ ጡረታ የወጡ ነርስ ነበሩ፤ ሰባን አልፈዋል። የመጨረሻውን ዓመት ከአልጋ አልወረዱም።

«ለምን አልነገሩኝም?» አልኳት።

«ልንገረው ብያት ነበር እኮ። ‹ተይው› አለችኝ። ‹አሮጊት መሆኔን ካወቀ አንቱ ይለኛል፤ አንቱ ካለኝ አይከራከረኝም። መታመሜን ከሰማ ደግሞ ያዝንልኝና ያልኩትን ሁሉ እሺ ይላል፤ መጽሐፉ ይበላሻል።›»

ድንኳኑ ውስጥ አንድ ሽማግሌ አጠገባቸው አስቀመጡኝ። «ናጋ?» ብለው በኦሮምኛ ሰላም አሉኝ። «ከየት ነህ?»

«ከነጌሌ ነኝ፣ አባባ።»

«የሎኮ ምኗ ነህ?»

«በስልክ ነው የምንተዋወቀው። ሁለት ዓመት ሆነን።»

«ሁለት ዓመት!» አሉ ሽማግሌው ጭንቅላታቸውን እየነቀነቁ። «ከነጌሌ ሞያሌ እኮ እኛ ከብት ነድተን በእግራችን የምንመጣው መንገድ ነው።»

ቡድን መግባት ለደራሲ ይጠቅማል ወይ ለሚሉኝ ዛሬ፣ ይጠቅማል እላለሁ፤ የሚከራከራችሁን ሰው ባገኛችሁ ቀን ግን ቤቱ የት እንደሆነ ጠይቁ።

ከሰዓት በኋላ ራሔል መቃብሩ ዘንድ ወሰደችኝ። አፈሩ ገና አልደረቀም። ስለዚያች የመጨረሻ መልእክቴ «ይቅር ይበሉኝ» ልል ፈለግኩ፤ አንቱታው አልወጣልኝም። «ይቅር በይኝ» ማለትም የሌላ ሰው መቃብር ላይ የቆምኩ አስመሰለኝ። በመጨረሻ እንደለመደብኝ፣ «ይቅር በለኝ» አልኩ።

ራሔል ቀና ብላ አየችኝና ሳቀች። እየሳቀች አለቀሰች።